በልጅነት ግቢያችሁ ስንት በር ነበር? (እኔና እናቴ አልተስማማንም)

የካዛንቺሱ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ የእብድ ጥያቄ ይመስላል፣ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን በ2017 ፈረሰ። እናቴ አሁን ገላን ጉራ ናት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ ፍለጋ መሯሯጥ የለም። ግን በየወሩ አንድ እሁድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ታክሲ ቀያይራ፣ የድሮ እድሯን ልትከፍል ወደ ከተማ ትወጣለች። ሰፈሩ የለም፣ እድሩ አለ። ድንኳኑና ድስቱ የአንድ አባል ዘመድ ግቢ ውስጥ ተከምሯል፤ ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ይላል፣ እነሱም አንድ በአንድ እየመጡ ከፍለው፣ ተሳስመው፣ ማን እንደታመመ ተጠያይቀው ይበተናሉ። «እዚሁ አጠገብሽ ሌላ እድር ግቢ» ብላት አኮረፈችኝ።

ባለፈው ልጄን ይዤ ሄድኩ። ስምንት ዓመቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ነው ያደገው። «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሆነህ ስንተኛ ፎቅ ነበርክ?» አለኝ። አያቱ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ከደብተሩ አንድ ገጽ ቀድጄ ግቢያችንን ልስልለት ተቀመጥኩ። በር በበር፣ እናቴም ከጎኔ ሆና እያረመችኝ።

እስቲ ለእናንተም ልቁጠርላችሁ። ከቆርቆሮው የግቢ በር ስትገቡ በግራ መጀመሪያ የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌሩ ጋሼ ናቸው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ስለሚወጡ ከሰዓት ይተኛሉ፣ ስለዚህ እሳቸው በር ላይ ብይ መጫወት ክልክል ነው። ቀጥሎ ጠላ የሚሸጡት እማማ። ከዚያ እኛ። ከእኛ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፤ የዩኒፎርም ጉልበታችንን በነጻ ይጥፍልናል፣ በምትኩ ሲጋራ ይልከናል። ከግቢው በር በስተቀኝ ደግሞ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) በጽዳት የሚሠሩት እትዬ። የእሳቸው ግድግዳ ከመሥሪያ ቤት በሚጣል ወረቀትና መጽሔት ነው የተለጠፈው፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ ፈረንሳይኛ። ሰው ሁሉ አዲስ ዘመን ሲለጥፍ እሳቸው ቤት ግን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ነው የሚነበበው። ከእሳቸው ቀጥሎ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ቀጥሎ ሰፈሩን በሙሉ መርፌ የሚወጋው ድሬሰር፣ መጨረሻ ላይ ለሆቴል እንጀራ የሚጋግሩት ሁለት እህትማማቾች። ስምንት። ጫፉ ላይ የጋራ ኩሽናና ሽንት ቤት።

(ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች፣ ከካዛ ኢንቺስ ነው የመጣው። የእኛ ግቢ ግን ከጣሊያን ጋር አይተዋወቅም፣ ጭቃና ቆርቆሮ ነው። የአንድ ሰው ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች ስለነበር ለቀበሌ ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ጣራውን ዞር ብሎ ያየው የለም።)

አሁን ጠቡ የመጣው እዚህ ጋ ነው። እኔ ዘጠነኛ በር አስታውሳለሁ። ከኩሽናው ጀርባ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ በሽቦ የሚታሰር ዝቅ ያለ በር። ማታ ማታ ከስሩ ቀጭን የኩራዝ ብርሃን ይወጣል። አንዲት ሴት አለች። ፊቷን አላስታውስም፣ እጇን ነው የማስታውሰው፤ ወፍራም፣ ጣፈጥ ያለ ዳቦ ቆርሳ በበሩ ስንጥቅ ትሰጠኛለች። ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው።

እናቴ «እዚያ ቤት ማንም አልነበረም» አለች፣ ቆፍጠን ብላ። ህልም ነው ያየኸው አለችኝ። እርሳሱን ነጥቃ የሳልኩትን አጠፋችው።

ፎቶ የለም። ግቢው የለም። እናንተ የልጅነት ግቢያችሁን በር በበር መቁጠር ትችላላችሁ? ማንስ ነው ትክክል፣ እኔ ወይስ እሷ?

ቆጣሪ

ወንድሜ ይሄ እኮ የመብራት ጥያቄ ነው። የቀበሌ ግቢ ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሂሳቡ በአምፖል ይካፈላል። እኛ ጋ ሬዲዮ ያለው እንደ ግማሽ አምፖል ይቆጠርበት ነበር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ደግሞ በየወሩ ጦርነት ነው። ሁሌ አንድ ሰብሳቢ አለ፣ ደብተር ያለው። እናትህን ሂሳቡ ለስንት ይካፈል እንደነበር ጠይቃት፣ የበሩ ቁጥር ከዚያ አያልፍም።

እኛ አቧሬ፣ ሰባት በር። አንዱ ጎረቤታችን ሰብሳቢዋ ስትመጣ ሁለተኛውን አምፖል ፈትቶ ትራስ ስር ይደብቅ ነበር። አንድ ማታ ገና እንደፈታው፣ በትኩሱ ደበቀው። ሴትየዋ ቁጭ ብላ ቡና እየጠጣች የሆነ ነገር ሸተታት። ትራሱ እየጨሰ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቱ ድረስ ስሙ «ትኩሱ» ሆኖ ቀረ።

የጨርቆሱ

ዛሬ ሥራ አልሠራም በቃ፣ ጨረሳችሁኝ።

አስራ አንድ በር። ጨርቆስ፣ ከሐዲዱ ብዙም ሳንርቅ። አባቴ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር፣ ከአስራ አንዱ በር የአራቱ አባወራ እዚያው ለገሃር ነው የሚውለው፣ አንዱ ፍሬን ላይ፣ አንዱ ጥበቃ፣ አንዱ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ጡረታ ወጣ። ባቡሩ ከ1909 ጀምሮ እዚያ ሲያፏጭ ኖሯል፣ እኛ ስንወለድ ፊሽካውን እንደ ጎረቤት ነው የቆጠርነው። ሲያልፍ ብፌው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፣ እናቴ ከእንቅልፏ ሳትነቃ እጇን ሰዳ ደገፍ ታደርጋቸዋለች። የምሬን ነው፣ ሳትነቃ።

ቆርኪ ሐዲዱ ላይ ደርድረን ጠብቀናል፣ ያልጠበቀ የጨርቆስ ልጅ የለም። ባቡሩ እንደ ሳንቲም ጠፍጥፎት ይሄዳል፣ ሁለት ቦታ በሚስማር ትበሳዋለህ፣ ክር ታሳልፋለህ፣ ከዚያ ሳብ ለቀቅ ስታደርገው ዝዝዝ እያለ ይሽከረከራል፣ ጣት ይቆርጣል እንዴ ካላችሁ አዎ ይቆርጣል፣ ጠባሳው ይኸው አውራ ጣቴ ላይ አለ። ሌላ ሰፈር ያሉ ልጆች በድንጋይ ቀጥቅጠው ነው የሚሠሩት፣ ጎርባጣ ይሆንባቸዋል። የእኛ የፋብሪካ ነው!

ስታዲየም በእግር ነው የምንሄደው። ለካታንጋም ለሚስማር ተራም ሳንቲም ስለሌለ ውጭ ቆመን ነው የምናዳምጠው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሩ ሲከፈት እንደ ጎርፍ ነው የምንገባው። አስር ደቂቃ ያየነውን ጨዋታ ሳምንት ሙሉ ከመጀመሪያው እንተርከዋለን፣ ያላየነውን ጎል ጨምረን። መሄድ ካልቻልን ደግሞ ጣራ ላይ ወጥተን ጩኸቱን እንሰማለን፤ ጊዮርጊስ ያገባውና ቡና ያገባው ድምፁ ይለያያል፣ አትሳቁ፣ ይለያያል።

ቴሌቪዥን ያለው አንድ በር ነው። እትዬ በሩ ላይ ቆመው እግር ይፈትሻሉ። «ታጥበሃል?» ካልታጠብክ ቦኖ ድረስ ሮጠህ ትመለሳለህ፣ ስትመለስ ፊልሙ ተጀምሯል፣ የምትቀመጥበት የለም። ውጭ የኮንጎ ጫማና የበረባሶ ክምር፣ ማታ ስንወጣ ሁለት ግራ ይዞ የሚሄድ አይጠፋም።

አሁን በዚያ በኩል ቀላል ባቡሩ ያልፋል። አንዳንዴ ከስታዲየም ተሳፍሬ መስኮቱ ጋ ቆሜ ወደ ሰፈራችን አያለሁ። አያፏጭም። ያለ ፊሽካ ባቡር ለእኔ ሊፍት ነው።

ወንድሜ ዘጠነኛው በር አለ። ልጅ ዳቦ የሰጠውን ሰው አይረሳም። እናትህን አትልቀቃት።

የካዛንቺሱ

@ቆጣሪ አመሰግናለሁ፣ ስልክ ደውዬ ጠየቅኳት። ሰብሳቢዋ ራሷ እናቴ ነበረች ለካ! ሳላስጨርሳት «ለስምንት» አለች። «እኔ ደብተሩን ይዤ ስምንት ነው፣ ዘጠነኛ ካለ ይክፈለኝ» ብላ ዘጋችብኝ።

ተሸንፌያለሁ መሰለኝ።

ባልዲ

ይቅርታ አድርጉልኝና የደስታ ጨዋታችሁን ላበላሸው ነው።

ልደታ ነው ያደግኩት፣ ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት። አስራ ሦስት በር፣ አንድ ሽንት ቤት። ወንዶቹ ሰፈር ስትሉ ሜዳው ነው የሚታያችሁ። ብይ፣ ቆርኪ፣ ኳስ፣ ስታዲየም። እኔ ሰፈር ሲባል ወረፋ ነው የሚታየኝ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ቦኖው ጋ ባልዲያችንን ከማታ ጀምረን እንደረድራለን፣ ባልዲ የሌለው ድንጋይ አስቀምጦ ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዷ «መጣች!» ብላ ስትጮህ የሰፈሩ ሴት ልጅ በሙሉ በነጠላ ጫማ ይሮጣል። ወንድሜ ተኝቷል። ጠዋት ሁለታችንም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የምንሄደው፣ እሱ የቤት ሥራውን ሠርቶ፣ እኔ ጀሪካን የከረከረው ትከሻዬን ይዤ። መምህሩ «ለምን ታንቀላፊያለሽ» ብሎ ያስነሳኛል።

ሽንት ቤቱን አልናገርም፣ ምግብ እየበላችሁ ይሆናል። ማታ ብቻሽን መሄድ የለም፣ እናቴን ትቀሰቅሻለሽ፣ እሷ ባትሪ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፣ ሁለት ሰካራም ያልፋል፣ ትቆጣቸዋለች። ዛሬ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤት አለኝ። ስገባ አሁንም አንዳንዴ ዝም ብዬ ቁልፉን አያለሁ። ሰፈር ናፈቀኝ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ውሃ ማን ይቀዳላችሁ ነበር ብዬ ነው።

ሐሰት ላለመናገር፦ ሁለት ነገር ይናፍቀኛል። አንደኛ የቢራ ፋብሪካው ሽታ፣ ብቅሉ ሲፈላ ወደ እኛ የሚነፍሰው፣ እንደ ትኩስ ገንፎ። ሁለተኛ አባቴ የሞተ ሌሊት። እናቴ ገና አፏን ሳትከፍት፣ አንድ ጩኸት ብቻ ጮኻ፣ ሳይነጋ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ጥሩንባውን ማን ሄዶ እንዳስነፋ፣ አግዳሚውን ማን እንደተሸከመ እስከ ዛሬ አልተነገረንም። እኔ ውሃ ልቀዳ ባልዲ ሳነሳ አንዷ ጎረቤት ከእጄ ቀማችኝ። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ባልዲ ስሸከም፣ ከእጄ የወሰደው ሰው ያ ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ በርህ። አንድ፦ አንተ ራስህ ኩራዝ ነው ብለሃል። ኩራዝ ያለበት ቤት በአምፖል ሂሳብ ውስጥ እንዴት ይገባል? ስለዚህ «ለስምንት» ማለት ምንም ማስረጃ አይደለም፣ @ቆጣሪ ይቅርታ። ሁለት፦ እናትህ ያሉትን ደግመህ አንብበው። «እዚያ ቤት ማንም አልነበረም።» ባዶ አጥር ከሆነ «እዚያ ጋ ምንም አልነበረም» ነው የሚባለው። እሳቸው ግን ቤት አሉ፣ ማንም አሉ። ይሄ የረሳ ሰው አነጋገር አይደለም። እኔ እንደዚህ ስትናገር የማውቃት ሴት የቀበሌ ሰው በር ላይ ሲቆም ነው።

ኩሽና ጀርባ ማን እንዳለ የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። እንጀራ ጋጋሪዎቹ በሕይወት ካሉ እነሱን ጠይቅ።

ቆጣሪ

ኧረ ሴትየዋ መርማሪ ፖሊስ ናት! ሂሳቤን አንስቻለሁ። (ውሃ እህቴ ነበረች የምትቀዳው። አሁን ደውዬላታለሁ።)

የድሬ ልጅ

አቦ እናንተ አዲስ አበቤዎች በር ትቆጥራላችሁ፣ እኛ ድሬ የምንቆጥረው አልጋ ነው። በዚያ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? ከመጋቢት ጀምሮ አልጋ ይወጣል፣ ግቢው ሙሉ ይደረደራል፣ እና ማን እንደመጣ ማን እንዳልመጣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከአልጋው አቀማመጥ ይታወቃል። አስራ ስድስት አልጋ ነበርን። አንዱ አልጋ የሁለት ሰው ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራሉ፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛል፣ ፍራሹ በርዶ አያውቅም። ለወራት በሰላምታ ብቻ ነው የሚተዋወቁት።

ግቢው ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ሁሉም አለ። ልጅ ሲጠራ በአራት ቋንቋ ይጠራል፣ ሲሰደብም እንዲሁ። ማታ አንዷ ባጊያ ትጠብሳለች፣ ሽታው አልጋ ለአልጋ ይሄዳል፣ እንቅልፍ የለም።

የእኛን ግቢ ያፈረሰው ልማት አይደለም፣ ደቻቱ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ፣ ሌሊት። ከዚያ በኋላ አልጋዎቹን መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ ወንድሜ፣ እናትህ በሕይወት እያለች ጠይቃት፣ በስልክ ሳይሆን ሄደህ።

ከአጥሩ ወዲህ

ሰላም። የምጽፈው ከቨርጂኒያ ነው፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ደንበኛ እየጠበቅኩ፣ ስለዚህ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

ወንድም፣ ድሬሰሩ አንካሳ ነበር? ጠላ ሻጯ እማማ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር? ከሆነ እኔ ከአጥራችሁ ወዲህ ነኝ። በአጥሩ ስንጥቅ ብይ የሸጥኩልህ እኔ ልሆን እችላለሁ፣ የተሰነጠቀች ሰማያዊ ከሆነች ይቅርታ፣ ልጅነት ነው።

ከኩሽናችሁ ጀርባ የነበረው የከሰልና የእንጨት ማስቀመጫ ነው። ቤት አይደለም። ግን በ1983 ክረምት፣ ኢሕአዴግ በገባበት፣ እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። እኔ ያኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነው፣ በደንብ አስታውሳለሁ። ከአስመራ የመጣች ናት። ያን ጊዜ ከኤርትራ ስንት ሰው ተፈናቅሎ እንደመጣ ታስታውሳላችሁ፣ የወታደር ቤተሰብ በየድንኳኑ፣ በየመንገዱ። አማርኛዋ እንደ እኛ ነው፣ ግን አንዳንድ ቃል ሲያመልጣት ትግርኛ ይሆናል። አንተ ጣፋጭ ወፍራም ዳቦ ያልከው ሕምባሻ ነው! ስትጋግር ሽታው አጥሩን አልፎ ይመጣል፣ እኛ ሁለት ወንድማማች አጥሩ ስር ቁጭ ብለን እናሸታለን። አንድ ቀን በስንጥቁ አሻግራ ሰጠችን፣ የመኪና መሪ የመሰለ ቅርጽ ያለው።

እናቴ ሰምታ ገረፈችን። ለዳቦው አይደለም። «ከዛሬ ጀምሮ እዚያ በኩል ሰው አላያችሁም፣ የጠየቃችሁ ካለ የኢሲኤዋ እትዬ እህት ናት፣ ከገጠር መጥታ ነው በሉ» አለችን። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም። ልጅ ለምን ብሎ የሚጠይቅበት ዘመን አልነበረም።

የእኔ ደንበኛ መጣ። ለእማማ ሰላም በልልኝ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት የባለ ሱቁ ልጅ በላቸው።

ባልዲ

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። «ማንም አልነበረም» ያሉት ለዚህ ነዋ።

የጨርቆሱ

ሂድ አሁን። ተነስና ሂድ። ታክሲውን እኔ እከፍላለሁ።

የካዛንቺሱ

ሄድኩ። የዛሬው እሁድ የእድሩ ነበር፣ ስለዚህ ገላን ጉራ ድረስ አልለፋሁም፣ ሻይ ቤቱ ጋ ጠበቅኳት። ድሬሰሩ አንካሳ ነበር፣ አዎ። ብይዋም ሰማያዊ ናት፣ እንገናኛለን።

ከፍላ ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእንጀራ ጋጋሪዎቹ እህትማማቾች ታናሽየዋም ነበሩ፣ አሁን አርጅተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ዝም ብዬ «እማዬ፣ የአስመራዋ ሴት ስሟ ማን ነበር?» አልኳት። ሁለቱ ተያዩ። እናቴ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጸሐፊው ዞር አለች፣ ማንም እንዳይሰማ! ሰላሳ ምናምን ዓመት አልፎ፣ ሰፈሩ በዶዘር ታርሶ፣ ቀበሌው ራሱ ስሙ ተቀይሮ፣ እሷ አሁንም ሰው እንዳይሰማ ትፈራለች።

ታሪኩ ይሄ ነው። የሴትየዋ ባል ወታደር ነበር። አስመራ ስትያዝ ተለያዩ። እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በጭነት መኪና አዲስ አበባ ደረሰች። የኢሲኤዋ እትዬ መናኸሪያ አካባቢ ዝናብ ላይ ቁጭ ብላ አግኝተዋት ይዘዋት መጡ። ቤታቸው ጠባብ ነው፣ ደግሞም ቀበሌ ሳያውቅ ደባል ያስገባ ቤቱን ይቀማል እየተባለ ይፈራ ነበር፤ የወታደር ሚስት መሆኗ ሲጨመርበት ያን ጊዜ ማን ምን እንደሚል አይታወቅም። ስለዚህ የግቢው ሴቶች አንድ ማታ ኩሽና ውስጥ ተሰብስበው ከሰሉን አወጡት፣ ወለሉን በጭቃ ለቀለቁት፣ ልብስ ሰፊው ጆንያ አያይዞ ኮርኒስ ሰፋለት። መብራት እንዳይገባ የወሰነችው እናቴ ናት። ሽቦ ከተሳበ ሰው ይጠይቃል፣ ደብተሩም ላይ ዘጠኝ ይመጣል። በየወሩ ሂሳብ ስትሰበስብ ግን ከእያንዳንዱ ቤት ትንሽ ጨመር አድርጋ ትቀበል ነበር፣ ለኩራዙ ጋዝ። ሹፌሩ ጋሼ «መብራት ተወደደ» ብለው ሲነጫነጩ እናቴ «መንግሥት ተለውጧል፣ ምን ይደረግ» ትላቸው ነበር አሉ ታናሽየዋ፣ ሳቃቸው ጥርሳቸውን ሊያስጥላቸው ነው። ወንዶቹ ከልብስ ሰፊው በቀር አያውቁም ነበር ወይስ አውቀው ዝም አሉ፣ በዚህ ላይ ሁለቱ እስካሁን አልተስማሙም።

ልጇን እዚያው ወለደች። ድሬሰሩ ተጠርቶ ነበር፣ ስለዚህ ቢያንስ እሱ ያውቃል። ሴት ልጅ። የክርስትናዋ ቀን ጠላው ከእማማ፣ እንጀራው ከእህትማማቾቹ፣ ለሰው ግን የኢሲኤዋ እትዬ ማኅበር ነው ተባለ። ዓመት ሊሞላት ሲል ባሏ አፈላልጎ መጣና ወደ አገሩ፣ ወደ ጎንደር ወሰዳት። ሕምባሻ የምትጋግርበትን ምጣድ ለእኛ ትታ ሄደች። ያ እናቴ እስከ ፈረሳው ድረስ ቡና ስትቆላበት የነበረው ምጣድ ነው፣ እኔ የእኛ ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ለእኔ ለምን ህልም ነው አልሽኝ?» አልኳት። «ማልን እኮ» አለች። ታናሽየዋም «አዎ ማልን» አሉ፣ ትናንት እንደሆነ ሁሉ።

@ባልዲ፣ ውሃ ማን ይቀዳላት እንደነበርም ጠየቅኩ። ታላቅ እህቴ ናት። በሁለት ጀሪካን ፋንታ ሦስት። ማንም አልነገረኝም፣ እሷም አልተናገረችም።

ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁት። የጠፋው ቦታ ላይ የእርሳሱ ምልክት አሁንም ይታያል። ደግሜ በሩን ሳልኩት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችና፦

«ዝቅ አድርገው። ጎንበስ ብላ ነበር የምትገባው።»